የስኳር በሽታን ለመከላከል በእጃችን ያለውን ስልክ እንጠቀምበት

ስለ ስኳር በሽታ ሲነሳ ብዙዎቻችን «የከተማ የሀብታም በሽታ ነው፤ ባሌን ምን አገባው?» እንላለን። ገብስና ስንዴ የሚያመርት፣ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሩ የሚወጣና የሚወርድ ሕዝብ አይያዝም ብለን እናስባለን። ግን ኑሯችን ተለውጧል። ሮቤ ውስጥ አጭሯን መንገድ እንኳ በባጃጅ እንሄዳለን። የገብስ ቆሎውን ትተን በፉርኖ ዳቦና በለስላሳ እናስታግሳለን። ሻይም ስኳሩ ካልበዛ ሻይ አይመስለን!

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚመጣው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን እንደ ቀድሞው መሥራት ሲያቅተውና ስኳሩ በደም ውስጥ ሲከማች ነው። ክፋቱ ለዓመታት ሳያሳምም መቆየቱ ነው። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ዓይኑ፣ ኩላሊቱና የእግሩ ነርቭ ይጎዳል። አንዳንዱ መታመሙን የሚያውቀው የእግሩ ቁስል አልድን ብሎት ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ነው። ያኔ ደግሞ ብዙው ነገር አልፏል።

ታዲያ አስቀድሞ መከላከል ይቻላል ወይ? አዎ፣ ይቻላል። በፊንላንድ ለበሽታው በተቃረቡ 522 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት፣ አመጋገብን በማስተካከል፣ ክብደትን በመቀነስና ሰውነትን በማንቀሳቀስ በበሽታው የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የዚያው አገር ባለሙያዎች ደም ሳይቀዳ ተጋላጭነትን የሚገምቱ 8 ጥያቄዎች አውጥተዋል። ዕድሜ፣ ክብደት ከቁመት ጋር፣ የወገብ ልክ፣ እንቅስቃሴ፣ አትክልትና ፍራፍሬ መመገብ፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ቀድሞ የታየ ከፍተኛ የደም ስኳር፣ በዘመድ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ መኖር፤ እነዚህ ናቸው። ለመጠየቅ ሚዛንና ሜትር እንጂ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ስልክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሕንድ አገር የደም ስኳራቸው ከፍ ማለት ለጀመረ 537 ወንዶች ምክር ተሰጠ። ከእነርሱ ግማሽ ለሚሆኑት በተጨማሪ በሞባይል አጭር መልእክት ይላክላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 እንደታተመው ውጤት፣ ከ2 ዓመት በኋላ መልእክት ካልደረሳቸው 27 በመቶ፣ ከደረሳቸው ግን 18 በመቶ ብቻ ታመሙ። ስልኮቹ ተራ የእጅ ስልኮች ነበሩ እንጂ የተለየ መሣሪያ አልነበሩም።

«እኛ ገጠር የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የገበሬዎች 8028 የስልክ መስመር የግብርና ምክርን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ በድምፅ አሰምቷል። ስለ ስንዴ ዋግ በድምፅ መምከር ከተቻለ ስለ ደም ስኳር መምከር ለምን አይቻልም?

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞችን እስከ ቀበሌ አድርሷል። ኋላም የቤተሰብ መዝገብ፣ የእናቶችና የሕፃናት ክትትል በታብሌት እንዲያዝ ተጀመረ። የእኛ ሐሳብ እነዚያ 8 ጥያቄዎች፣ ነጥባቸው በእኛው ሕዝብ ተፈትሾ፣ በየጤና ኬላው ታብሌት ይግቡ ነው። ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ቀጠሮውንም ስልኩ ያስታውሰው።

አንድ ነገር ግን ሊሰመርበት ይገባል። ስልክ ሐኪም አይደለም። ምግብ ሳይቀመስ የሚደረገውን የደም ምርመራ ስልክ አይተካውም። ይባስ ብሎ በዚሁ ስልክ «መድኃኒትህን ጣል፣ ይህን ቅጠል ጠጣ» የሚሉ ነጋዴዎችም ይገባሉ። የሰውን ውጤት ለጎረቤት ማዛመትም አለ። ስለዚህ መልእክቱ በጤና ባለሙያ የታየ፣ የሰው ምሥጢርም የተጠበቀ መሆን አለበት።

ይህ እኛን ሠልጣኞችን ምን ይመለከተናል? በጣም ይመለከተናል! ነገ በምንመደብበት ገጠር ከትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ጤና ኬላ ይኖራል። የመልእክቱን ቋንቋ ወደ ሕዝቡ ንግግር የሚያመጣ፣ ተማሪውን «እናትህ የመጣላትን መልእክት አስረዳት» ብሎ የሚልክ መምህር ነው። እስከዚያው ከዚሁ እንጀምር። የጤና ክበባችን ሚዛንና ሜትር ያዘጋጅ፤ ሠልጣኙም መምህሩም 8ቱን ጥያቄዎች ይመልስ። የቋንቋ ክፍሎች ከጤና ባለሙያዎች ጋር ሆነው በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አጫጭር የድምፅ ምክሮች ይቅረጹ። ገበያ ስንሄድም ባጃጁን ትተን በእግራችን እንሂድ።

ስልኩ በየኪሳችን አለ፤ ቀኑን ሙሉ እንነካካዋለን። ከዚያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ለወገን ጤና ብናውለው ምን ይጎድልብናል? ሳይታመሙ መጠንቀቅ፣ ታሞ ከመማቀቅ ይሻላል እንላለን።