ፍሬኑና ኢንሹራንሱ ይቅደሙ

ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ብዙዎቻችን ያገለገለች መኪና ለመግዛት እናስባለን። በተለይ ሞተሯ ተቀይሮ ማርሚታዋ የሚያገሳ ዲኤክስ ስናይ ልባችን ይሸፍታል። መውደዳችን ነውር የለበትም። ግን ስንመርጥ በመንገዱ ላይ ያለውን ሰው ሐቅም እናስብ።

ዲኤክስ ዛሬ 40 ዓመት ገደማ የሆናት መኪና ናት። ፍሬኗ የተሠራው ለፋብሪካው ሞተር እንጂ በኋላ ለተጨመረላት ጉልበት አይደለም። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጣችን በፊት ፍሬኑን፣ መሪውንና ጎማውን የምናምነው መካኒክ ይይልን። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር ይመሳከር።

"ሦስተኛ ወገን አለኝ፣ ይበቃኛል" የምንል አለን። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ይህ ኢንሹራንስ የሚክሰው የጎዳነውን ሌላ ሰው ነው፤ የእኛን መኪና አያሠራልንም። ሙሉ ኢንሹራንስ ስንገባ ደግሞ ቅጹን በእውነት እንሙላ። ክፍያ ለመቀነስ ሹፌሩ አባቴ ነው ብሎ ራስ መንዳት፣ የተቀየረውን ሞተር መደበቅ ውሸት ነው። አደጋ ሲደርስም ኩባንያው ካሳውን ለመከልከል ምክንያት ያገኛል፤ ዕዳው በቤተሰብ ላይ ይወድቃል።

የተለመደውን ኢንሹራንስ ልቡ ያልተቀበለው በአገራችን የተጀመረውን ተካፉል ይጠይቅ። ያለ ዋስትና መንዳት ግን የሌላውን ሐቅ በራስ ፈቃድ አደጋ ላይ መጣል ነው።

ገንዘባችን ለሁሉም ካልበቃ የሚቀረው ትልቁ ሞተር ይሁን።