ኳሷ በማን ሜዳ ናት?

ከጉለሌ በምንሳፈርበት ታክሲ፣ በስብሰባ፣ በየቢሮው ደጃፍ የማትቀር አንዲት አባባል አለች፤ «ኳሷ አሁን በእናንተ ሜዳ ናት»። የመኝታ ክፍላችን ውሃ ቢጠፋ አቤት ልንል አንድ ቢሮ ሄድን፤ የተሰጠን መልስ ይህችው ነበረች። እኛስ ብንሆን? የቡድን ሥራ ሲከብደን ኳሷን ለጓደኛ ወርወር አድርገን ቁጭ ነው!

ለመሆኑ ይህች ኳስ ከየት መጣች? አባባሏ የእንግሊዝኛ ናት፤ ኳሷም የቴኒስ። በቴኒስ መሀል ላይ መረብ አለ። ኳሷ ማዶ ከሄደች ተሻግሮ መምታት ክልክል ነውና ባላጋራ እስኪመልሳት መጠበቅ ግድ ነው። ተርጓሚዎቻችን ኳሷን አምጥተው መረቡን እዚያው ረሱት። እኛ ደግሞ «ኳስ» እና «ሜዳ» ሲባል የሚታየን እግር ኳስ ነው። በእግር ኳስ ኳሷ በባላጋራ ሜዳ ስትሆን ማን ቁጭ ይላል? የሚጠቃው ያኔ አይደለም ወይ! በ1954 ዓ.ም. ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፣ ኳሷ በገዛ ፈቃዷ እስክትመጣለት አልጠበቀም።

ባዕድ ቃል አይግባ ባዮች አይደለንም። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ 5,000ውንም 10,000 ሜትሩንም ያሸነፈውን ምሩጽ ይፍጠርን ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» አለው። ማርሽ የውጭ ቃል ነው፤ አባባሉ ግን በዓይን የታየ ሥራ ይናገራል። የምንጠላው ስንፍናን የሚሸፍን ቃል ነው።

እዚሁ አጠገባችን ጃን ሜዳ ላይ ፈረስ ያስጋለቡ አባቶቻችን ምን ይሉ ነበር? «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው»። ልዩነቱን ልብ እንበል! ይህን የሚል ሰው ፈረሱንም ሜዳውንም አቅርቦ ነው «እስቲ ሞክር» የሚለው። የዛሬው ባለ ኳስ ግን ፈረስ ሳይሰጥ፣ ሜዳ ሳያሳይ፣ «ተራው የእናንተ ነው» ብሎ በሩን ይዘጋል።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ «ኳሷ በእናንተ ሜዳ ናት» ላለን ሁሉ መልሳችን አንድ ይሁን፤ «መረቡ የታለ?» እንበለው። ለራሳችንም ጭምር።

በዚህ ጽሑፍ ቅር የሚለው ካለ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። መልስ አለኝ ለሚል ደግሞ፣ ብዕሩም ይኸው፣ ገጹም ይኸው!