በአየር ላይ የዋለ ቃል ማን ይረከበው?

ሚኒባሱ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ እየሄደ ነው፤ ሬዲዮው ክፍት ነው። አንድ አዛውንት የልጅነት ሰፈራቸውን ያወራሉ፤ ማን ከማን ጎን ይኖር እንደነበር፣ ዳቦ ከየት ይገዛ እንደነበር፣ ወንዙ ሲሞላ ትምህርት ቤት እንዴት ይኬድ እንደነበር። ጠያቂዋ አትቸኩልም። ረዳቱ ሂሳብ የሚሰበስበው በእጅ ምልክት ነው። መውረጃዋ የደረሰ ሴት እንኳን "ወራጅ አለ" የምትለው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን ከጅምሩ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ያለ ጉዞ አያጣም።

ይህ ወግ ከጣቢያው ዕድሜ ይቀድማል። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጋዜጠኛ መዓዛ ብሩ በሳምንቱ መጨረሻ "ጨዋታ" የተባለ ዝግጅት ይዛ መጣች። እስከዚያ ድረስ የአገሪቱ ሬዲዮ በአመዛኙ የመንግሥት አፍ ነበር፤ በ1955 ዓ.ም. በሉተራን ቤተ ክርስቲያናት ማኅበር የተከፈተው ብስራተ ወንጌልም በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሷል። አድማጭ ሬዲዮውን የለመደው መግለጫና መመሪያ ሲነበብለት ነው። "ጨዋታ" ግን ሰው ቤቱ ቡና ይዞ እንደሚያወራው የሚወራበት ሆነ። ቃሉ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ አማርኛ ተናጋሪ እንግዳውን "ተጫወቱ" የሚለው አረፍ ብለው እንዲያወጉት ሲፈልግ ነው።

ለግል ሬዲዮ በር የከፈተው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178/1991 ነበር። በሩ ይከፈት እንጂ ለመግባት ዓመታት ፈጅቷል፤ የመጀመሪያዎቹ የግል ፈቃዶች በኋላ ለሸገርና ለዛሚ 90.7 ተሰጡ። መዓዛ ከተዋናይ አበበ ባልቻና ከጋዜጠኛ ተፈራ ገዳሙ ጋር የመሠረተችው ሸገር፣ አገሩ ሁሉ ሚሌኒየም በሚልበት በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ አየር ላይ ዋለ። ስሙንም ከከተማይቱ የቁልምጫ ስም ወሰደ። ከዚያ በኋላ ጣቢያው የሰበሰባቸው ድምፆች ብዙ ናቸው፦ የእሸቴ አሰፋ "መቆያ"፣ የሰይፉ ፋንታሁን "ታዲያስ አዲስ"፣ "ሸገር ካፌ"። የከተማው ሰው ቀኑንና ሰዓቱን በእነዚህ ለካ።

ከሁሉም ግን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሀብት ብሎ የሚጠራው መዓዛ እንግዶቿን የምታጫውትበትን "የጨዋታ እንግዳ"ን ነው። አምባሳደር ዘውዴ ረታን እንውሰድ። የቤተ መንግሥት ዜና ዘጋቢ የነበሩ፣ በኋላም ዲፕሎማት የሆኑ ሰው ናቸው፤ "የኤርትራ ጉዳይ"ንና "ተፈሪ መኮንን"ን ጽፈው ያለፉት በ2008 ዓ.ም. ነው። መጻሕፍቱን ያነበበ ሰነዱንና ክርክሩን ያገኛል። ከመዓዛ ጋር በተከታታይ ክፍሎች የተጫወቱትን የሰማ ደግሞ ሌላ ነገር ያገኛል፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን አነጋገር በራሱ ቃና፣ የሹማምንቱን ጠባይ ሲያስታውሱ ድምፃቸው የሚያመጣውን ለውጥ፣ ለመናገር ቃል ሲመርጡ የሚወስዱትን ትንፋሽ። ያ ትንፋሽ በወረቀት ላይ አይሰፍርም። አንድን እንግዳ በአንድ ቀን ሳይጨርሱ ሳምንታት ማዋሉም የሬዲዮ ድፍረት ነው፤ እንግዳው የተዘጋጀበትን መልስ ጨርሶ ወደ ትዝታው የሚገባው ያኔ ነውና።

እንዲህ ያለ ዝግጅት ገንዘብ ይበላል። የንግድ ጣቢያ በጀት የሚቆርጥለት የለም፤ የሚኖረው በማስታወቂያና በአየር ሰዓት ሽያጭ ነው። ብዙዎቹ የከተማው ጣቢያዎች ሰዓታቸውን ለተባባሪ አዘጋጆች ያከራያሉ፤ አዘጋጁም ስፖንሰር ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ፣ ቢራ ፋብሪካዎች ይከፍሉት የነበረው ገንዘብ አብሮ ወጣ። እገዳው ለጤና ሲባል የተደነገገ ነው፤ አቅራቢው አይቃወመውም። ነገር ግን ቀድሞውንም በጠባብ ገቢ የሚኖር ጣቢያ ገቢው ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቀንሰው ትርፍ የማያመጣውን ነው። የድሮ ቅጂ ማስቀመጥ ደግሞ ትርፍ አያመጣም።

ጭንቀቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የብሮድካስት ሕግ ጣቢያዎች ያሰራጩትን ቀድተው ለተወሰነ ጊዜ እንዲያቆዩ ያዛል፤ ዓላማው ቅሬታ ቢነሳ እንዲጣራ ነው እንጂ የልጅ ልጅ እንዲሰማው አይደለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ለጣቢያው በጎ ፈቃድና አቅም የተተወ ነው። ዛሬ የ"ጨዋታ"ን የቆዩ ክፍሎች የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኛቸው አድማጮች ከሬዲዮ ቀድተው ዩቲዩብ ላይ በጫኑት ቅጂ ነው፤ አንዳንዱ መግቢያው ተቆርጧል፣ አንዳንዱ የተላለፈበት ቀን አልተጻፈበትም፣ አንዳንዱ ክፍል ሁለት ኖሮት ክፍል አንድ የለውም። እነዚያ አድማጮች ባለውለታ ናቸው። ሆኖም የጫኑበት ገጽ ነገ ቢዘጋ አብሮ ይዘጋል።

አንድ አስገራሚ አጋጣሚ አለ። የግል ሬዲዮን የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 178 ሲሆን፣ በዚያው በ1991 ዓ.ም. ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን፣ ሰው አሁንም ወመዘክር የሚለውን፣ ያቋቋመው አዋጅ ቁጥሩ 179 ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ወጡ፤ ሥራቸው ግን ገና በቅጡ አልተገናኘም። መጽሐፍ ሲታተም ቅጂው ወመዘክር የሚገባበት ሥርዓት አለ። ለሬዲዮ ቃለ ምልልስም ተመሳሳይ ርክክብ ይገባዋል፤ ከእያንዳንዱ ጣቢያ ሙሉ ቅጂ፣ የእንግዳው ስም፣ የተላለፈበት ቀንና ክፍሉ ተመዝግቦ። ባለቤትነቱ የጣቢያው ሆኖ ይቀጥል፤ ለንግድ የሚፈልግ ጣቢያውን ይጠይቅ፣ ለጥናት የሚፈልግ ንባብ ቤት ገብቶ ያዳምጥ። ወጪውንም ለጣቢያዎቹ መተው አይገባም፤ የተሰበሰበው የአገር ትዝታ ነውና መንግሥትና ዩኒቨርሲቲዎች ይጋሩት።

ሁሉን በአንዴ መረከብ አይቻል ይሆናል። እንግዲያው ይህ ሥራ ተናጋሪዎቻቸው ካለፉት ቅጂዎች ይጀመር፤ በሕይወት ያሉትን እንኳ ሌላ ጋዜጠኛ ሄዶ ሊያነጋግራቸው ይችላል።