«ወደቀች» ብቻ በቂ አይደለም

በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አንድ ሌሊት የቆመ ሰው ማን እንደሚገባ ያያል። ከሞተር ሳይክል የወደቀ ወጣት፣ ከሕንፃ መወጣጫ እንጨት የተፈጠፈጠ የቀን ሠራተኛ፣ በሲኖትራክ የተገጨ፣ በጠብ የተፈነከተ። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም በመንገድ አደጋ የሚሞቱ ወንዶች ከሴቶቹ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጡ ይናገራል። የወንዶቹ መከራ እውነት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

አደጋው ያለው ይህ ቁጥር በሐኪሙና በነርሷ ልብ ውስጥ ሥዕል ሆኖ ሲቀር ነው። «ከባድ ጉዳተኛ» ሲባል የሚታያቸው ወንድ ብቻ ከሆነ፣ ሴቷ እየደማችም ልትታለፍ ትችላለች።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል ርካሽ የደም ማቆሚያ መድኃኒት አለ። በ40 አገሮች ከ20 ሺህ በላይ ጉዳተኞች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው «ክራሽ-2» ጥናት፣ መድኃኒቱ ጉዳቱ በደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ነፍስ እንደሚያድን አሳይቷል። ለሴትም ለወንድም እኩል ይሠራል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት የእንግሊዝና የዌልስን የጉዳተኞች መዝገብ ሲመረምር፣ ሴቶች መድኃኒቱን የማግኘት ዕድላቸው የወንዶቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ የሆነው ሕክምና በነፃ በሚሰጥበትና መዝገብ በሥርዓት በሚያዝበት አገር ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ደግሞ ሌላ መጋረጃ ይጨመራል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከነበሩ ሴቶች 34 በመቶው ከባል ወይም ከትዳር አጋር አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታም አልጠየቁም።

ከእነዚህ አንዷ ክንዷ ተሰብሮ ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ አጠገቧ የሚቆመው አስታማሚ ብዙ ጊዜ ባሏ ነው። «ምን ሆነች?» ሲባል የሚመልሰውም እሱ ነው፤ «ከደረጃ ወደቀች»። ካርዱ ላይ «መውደቅ» ተብሎ ይጻፋል። ክንዷ በጀሶ ይታሰራል። ከዚያ ወደዚያው ቤት ትመለሳለች።

«ነርሷ በአንድ ሌሊት ስንቱን ታያለች? ይህ ሁሉ ጥያቄ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። የሥራ ጫናው እውነት ነው። ነገር ግን አስታማሚ ካርድ ለማውጣትና መድኃኒት ለመግዛት ድሮም ይላካል። እሱ እስኪመለስ መጋረጃውን ስቦ «እህቴ፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» ማለት በጀት አይፈልግም። የደም ማቆሚያውም ውሳኔ በደም ግፊትና በልብ ምት ይለካ እንጂ «ጉዳተኛ ትመስላለች ወይ» በሚል ዓይን አይሁን። ሆስፒታሎችም ማን ምን ሕክምና እንዳገኘ በፆታ ለይተው ይመዝግቡ።

ዛሬ «ወደቀች» ተብላ የተሸኘች ሴት በሌላ ቀን ስትመጣ፣ ራሷ መናገር የምትችል ላትሆን ትችላለች።