ባሕርን በጨው ያወቅን

ወደ ዛንዚባር ወይም ወደ ሞምባሳ ለዕረፍት የሚሄዱ ደንበኞች የውጭ ምንዛሪ ሊወስዱ ከመስኮቴ ፊት ሲቆሙ እቀናለሁ፤ አልሸሽግም። ፓስፖርትና ቲኬታቸውን አገላብጬ ዶላሩን ቆጥሬ እሰጣለሁ። ሲመለሱ ግን ፎቶግራፍ እንጂ ስንኝ ይዞልኝ የመጣ እስካሁን አልገጠመኝም። (ከባንክ ደንበኛ ስንኝ መጠበቅ የእኔ በሽታ ነው።)

ቅሬታዬ ግን በእነርሱ ላይ አይደለም፤ ብዕር በያዝነው ላይ ነው። በግጥሞቻችን ውስጥ ባሕር ሲነሣ ወዲያው ወደብ ይሆናል፤ ወደቡም ወዲያው ልቅሶ ወይም ፉከራ ይሆናል። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህማ ቀይ ባሕርን የምንጠራው እንደ ሟች ዘመድ ነው። የምጽዋ ጥንታዊ ቤቶች ከኮራል ድንጋይ እንደ ታነጹ፣ የዳህላክ ደሴቶች ከመቶ እንደሚበልጡ፣ በዚያም ዕንቁ ይለቀም እንደ ነበር የሚያወሱ ስንኞቻችን ስንት ናቸው? በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. በታተመው «ኦሮማይ» ወደዚያ ምድር ወስዶን ነበር፤ እርሱም ቢሆን የወሰደን በጦርነት መንገድ ነው።

ቃሉም አጥሮናል። ዛጎል የምንለው ቅርፊቱን ነው። ኮራል ግን ሕያው ነው፤ ከጣት ጥፍር የሚያንሱ እንስሳት ከባሕሩ ውኃ ኖራ እየቀዱ፣ የልጆቹ አጽም በአባቶች አጽም ላይ እየተነባበረ፣ በሺህ ዓመታት የሚቆም ከተማ ነው። ውኃው ከልኩ በላይ ሲሞቅ ቀለሙን ያጣል፤ ይነጣል። ሙቀቱ ከሰነበተም ይሞታል። ይህን የመሰለ ሰምና ወርቅ ከፊታችን ተዘርግቶ እኛ ስለ መርከብ ኪራይ እንገጥማለን!

የተወለድሁት በጋይንት፣ በቤተ ልሔም አካባቢ ነው። አገሩ ድጓ የሚመሰከርበት እንጂ ማዕበል የሚሰማበት አይደለም፤ «ባሕር» ቢባል ጣና ነው። ሆኖም ባሕሩ ራሱ አሞሌ ሆኖ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ገበያ ይወጣ ነበር። የዳናክል ጨው ከቀይ ባሕር ተቆርጦ የደረቀ ክንድ ቅሪት ነውና። አሞሌ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። ገንዘብ ቆጣሪ ነኝና ይህ ነገር ደስ ይለኛል፤ በሙያ የቀደሙኝ ሰዎች የቆጠሩት የደረቀ ባሕር ነበር ማለት ነው።

ከዚያም በላይ አለ። በዚያው በአፋር በረሃ፣ ከጨው ሜዳው ዳርና ዳር፣ 125 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቈጠሩ የኮራል ድንጋዮች በደረቅ ምድር ላይ ተገትረው ይታያሉ። ጨው ጫኝ ግመሎችም በረሃውን አቋርጠው ወደ በራህሌ ገበያ ይወጡ ነበር። ስለዚህ ገጣሚ ወዳጆቼ «ባሕር የለንም» ሲሉ አልስማማም።

በደረቀ ኮራል መካከል አይዋኝም የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ዋና የሚሻ ወደ ዛንዚባር ይሂድ፣ ዶላሩንም ቆጥሬ እሰጠዋለሁ። እኔ የምሻው ስለ ኮራል በአማርኛ የተጻፈ አንድ ግጥም ነው፤ «ወደብ» የሚል ቃል የሌለበት።