ዋና መቻል ብቻውን አያተርፍም

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የመን አብያን ጠረፍ ጀልባ ተገልብጦ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ ካምፓችን ውስጥ ያልደነገጠ አልነበረም። ወሬው ግን ከሟች ቁጥር አላለፈም። ካምፕ የማስተምራቸው ልጆች አሁንም «ቲቸር፣ እኛ እኮ ዋና እንችላለን» ይሉኛል።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከየመን ሲመለሱ ጅቡቲ፣ ኮር አንጋር አጠገብ ቢያንስ 45 ሰዎች ሞተዋል። የተረፉት እንደተናገሩት፣ ጀልባ ነጂዎቹ ዳርቻው 150 ሜትር ያህል ሲቀረው ዝለሉ ብለው አስገደዷቸው። መሬት እየታየ ማለት ነው።

እኔ እንደሚገባኝ ብዙ ሰው የሚያልቀው ወደ ዳርቻ ልዋኝ ብሎ ከማዕበል ጋር ሲታገል ጉልበቱ ስለሚያልቅ ነው። ጀልባው ቢገለበጥም እስከተንሳፈፈ ድረስ እሱን መያዝ ይሻላል፤ ለፈላጊም ቶሎ ይታያል። ከራቀ ባዶ ጀሪካን ክዳኑን አጥብቆ ደረት ላይ ማቀፍ ነው። እሱም ከሌለ በጀርባ ተንጋሎ፣ ትንፋሽ እስኪረጋጋ መንሳፈፍ። የባሕር ውኃ አይጠጣም፤ ጥማት ያብሳል። የሚሰምጥ ሰው አንቆ ይዞ ስለሚያሰምጥ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ይወረወርለታል እንጂ አይታቀፍም።

ይሄን የምጽፈው መንገዱ ይቻላል ለማለት አይደለም። የሕይወት አድን ጃኬት በሌለበት፣ ከልክ በላይ በተጫነ ጀልባ ላይ ይሄ ሁሉ ላያድን ይችላል። እናቶች፣ አባቶች፣ ልጃችሁ ልሂድ ሲል ስለ ደላላው ብር ብቻ አትነጋገሩ፤ ስለ መጨረሻዋ 150 ሜትርም ንገሩት።