የአንጾኪያ መንበርና የቶማስ ልጆች፦ የሕንድ ኦርቶዶክሳውያን ክርክር ለእኛ ምን ይነግረናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በጥር ወር 1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ የኦሬንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። በእምነት አንድ ሆነው በዘመንና በቦታ ተራርቀው የኖሩ አባቶች ፊት ለፊት የተያዩበት ጉባኤ ነበር። ከተቀመጡት አባቶች መካከል የአንጾኪያው ፓትርያርክ ማር ኢግናጥዮስ ያዕቆብ ሣልሳዊና የሕንዱ ካቶሊኮስ ማር ባስልዮስ አውጌን ቀዳማዊ ይገኙበታል። ከዚያ ጉባኤ ስምንት ወራት ቀደም ብሎ ፓትርያርኩ ሕንድ ድረስ ተጉዘው ካቶሊኮሱን በአንብሮተ እድ ሾመዋቸው ነበር። ከጉባኤው ዐሥር ዓመት በኋላ ግን እነዚያው ፓትርያርክ እነዚያኑ ካቶሊኮስ ከሥልጣን ማገዳቸውን አስታወቁ። በዚያን ጊዜ የተከፈተው ቁስል እስከ ዛሬ አልዳነም።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 2025 በሊባኖስ አትሻኔ የአሁኑ ፓትርያርክ ማር ኢግናጥዮስ አፍሬም ካልዓይ፣ ለሕንድ ሶርያውያን ኦርቶዶክሳውያን (በተለምዶ «ያዕቆባውያን» ለሚባሉት) ማር ባስልዮስ ዮሴፍን ካቶሊኮስ አድርገው ሾሙ። ማላንካራ ኦርቶዶክስ ሶርያዊት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከ2021 ጀምሮ በካቶሊኮስ ማር ባስልዮስ ማርቶማ ማቴዎስ ሣልሳዊ ትመራለች። ስለዚህ በአንዲቱ የኬረላ ግዛት፣ አንድ ቅዳሴ የሚቀድሱ፣ አንድ ሃይማኖት የሚመሰክሩ ሁለት ካቶሊኮሶች አሉ። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ መካከል ለመፍረድ አይደፍርም፤ የክርክሩን ሥር ለማሳየትና ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ያለውን ትምህርት ለመጠቆም ብቻ የተዘጋጀ ነው። (የውጭው ታሪክ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የሀገራችን ደግሞ በዓመተ ምሕረት ተጽፏል።)

የቶማስ ልጆች ከየት መጡ?

ግንቦት 26 ቀን በዓለ ዕረፍቱን የምናከብርለት ሐዋርያው ቅዱስ ቶማስ በ52 ዓ.ም. ወደ ሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ደርሶ ወንጌልን እንደ ሰበከ የሀገሬው ክርስቲያኖች ትውፊት ይናገራል። ይህች ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳትን ከፋርስ ስትቀበል ኖረች። በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ፖርቹጋሎች መጥተው ምእመናኑን ከሮም መንበር በታች ለማድረግ ግፊት አደረጉ። በ1653 ሕዝቡ በማታንቼሪ ተሰብስቦ ለኢየሱሳውያን እንደማይገዛ ማለ። የእኛም አባቶች በዚያው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ተመሳሳይ ፈተና አሳልፈዋል፤ ስለዚህ የዚያን መሐላ ክብደት ለማወቅ ሌላ ተርጓሚ አያሻንም።

ከመሐላው በኋላ ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ ጳጳስ አልነበራትም። በ1665 ማር ጎርጎርዮስ የተባሉ ሶርያዊ አባት ከኢየሩሳሌም ደረሱላት። የአንጾኪያና የማላንካራ ግንኙነት ከዚያ ጀምሮ ጸና። በችግር ቀን የመጣ አባት የተወው ፍቅር በሕዝቡ ልብ ውስጥ ምን ያህል እንደ ተተከለ ያልተረዳ ሰው፣ ዛሬ «አንጾኪያ እናታችን ናት» የሚሉትን ወገኖች ሊረዳ አይችልም። እንዲሁም «እኛ የሐዋርያ ልጆች እንጂ የማንም ቅኝ አይደለንም» የሚሉትን ለመረዳት የ1653ቱን መሐላ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ክርክሩ በምን ላይ ነው?

ብዙዎች የሃይማኖት ልዩነት ያለ ይመስላቸዋል፤ የለም። ሁለቱም ሦስቱን ቅዱሳት ጉባኤያት ይቀበላሉ፤ ሁለቱም በሶርያ ሥርዓት ይቀድሳሉ። ጥያቄው የሥልጣን ነው፦ ጳጳስ የሚሾመው፣ ሜሮን የሚባርከው፣ በአብያተ ክርስቲያናቱና በንብረታቸው ላይ የሚያዝዘው ማን ነው?

በ1876 በሙላንቱሩቲ በተደረገው ሲኖዶስ ፓትርያርክ ጴጥሮስ በሕንድ ያላቸው ሥልጣን ጠነከረ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ፓትርያርክ አብደላ ወደ ሕንድ መጥተው በመንፈሳዊው ብቻ ሳይሆን በሥጋዊው አስተዳደርም ሥልጣናቸውን የሚያረጋግጥ ውል ጠየቁ። የማላንካራው ሜትሮፖሊታን ማር ዲዮናስዮስ እንቢ አሉ፤ በ1911ም ተወገዙ። በ1912 ሌላው ፓትርያርክ አብዱልመሲሕ መጥተው በኒራናም የመጀመሪያውን ካቶሊኮስ ሾሙ። ነገር ግን አብዱልመሲሕ የኦቶማን መንግሥት ዕውቅናውን ያነሣባቸው አባት ነበሩ። ስለዚህ አንደኛው ወገን «ከመንበሩ የወረደ አባት ምን ሥልጣን ሊሰጥ ይችላል?» ሲል፣ ሌላው ወገን «የዓለም ንጉሥ የክህነትን ሥልጣን መንጠቅ ከመቼ ወዲህ ይችላል?» ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች የሚናቁ አይደሉም።

ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት የገባበት መንገድ ደግሞ የሚያስገርም ነው። በ1808 የዚያ ዘመን ሜትሮፖሊታን በእንግሊዞች ዘንድ 3,000 የወርቅ ፓጎዳ በወለድ አስቀምጠው ነበር። ከውግዘቱ በኋላ ወለዱን የሚቀበለው የትኛው ወገን እንደ ሆነ አልታወቀም፤ መንግሥትም በ1913 ነገሩን ለፍርድ ቤት አቀረበው። የክርስቶስ ቤት ልጆች በዓለማዊ ዳኛ ፊት መቆም የጀመሩት በገንዘብ ወለድ ምክንያት ነው፤ ከዚያም ወዲህ የፍርድ ቤቱ ደጅ ከእግራቸው አልራቀም።

የታረቁበትና የተለያዩበት ዘመን

በ1934 በኮታያም የጸደቀው ሕገ ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ለማቀፍ የሞከረ ነው፤ የሶርያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ አበው ፓትርያርኩ መሆናቸውን ይጠቅሳል፤ ማላንካራን የሚመሩት ደግሞ ካቶሊኮሱ መሆናቸውን ይደነግጋል። በ1958 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለካቶሊኮሱ ወገን ፈረደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓትርያርኩና ካቶሊኮሱ ተቀባበሉ። ሕዝቡ ደስ አለው።

ዕርቁ ግን የተሸከመው ቃል ሳሳ። ፓትርያርኩ ካቶሊኮሱን መቀበላቸውን ጻፉ፤ ካቶሊኮሱም ፓትርያርኩን የተቀበሉት በሕገ ቤተ ክርስቲያኑ ገደብ ውስጥ መሆኑን ጽፈው መለሱ። አንዱ ወገን የልጅን መመለስ አነበበ፤ ሌላው የእኩዮችን ሰላምታ አነበበ። በ1970 ፓትርያርኩ በጻፉት ደብዳቤ ሐዋርያው ቶማስ ክህነት እንኳ እንዳልነበረውና «የቶማስ መንበር» የሚባል ነገር እንደሌለ መግለጻቸው በተሰማ ጊዜ፣ ተሸፍኖ የቆየው ልዩነት ተገለጠ። በ1975 ዕገዳውና የሁለተኛ ካቶሊኮስ ሹመት ተከተለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የፍርድ ቤት ታሪክ ነው። የ1995ቱ ውሳኔ የ1934ቱን ሕግ አጸና። በ2002 የፓትርያርኩ ወገን የራሱን ሕግ አወጣ። ሐምሌ 3 ቀን 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማላንካራ አጥቢያዎች ሁሉ በ1934ቱ ሕግ እንዲተዳደሩ፣ የ2002ቱም እንዳይሠራ ወሰነ። በክርክሩ የሚጠቀሱት አብያተ ክርስቲያናት ከ1,000 በላይ ናቸው።

ፍርዱ የፈታውና ያልፈታው

ፍርድ ቤቱ የቁልፉን ባለቤት አሳወቀ፤ የልብን በር ግን አልከፈተም። በርካታ አጥቢያዎች ውስጥ አብዛኛው ምእመን የፓትርያርኩ ወገን ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግን በሕግ ለሌላው ወገን ተሰጠ። በ2019 የፒራቮም፣ በ2020 ደግሞ ያ የ1876ቱ ሲኖዶስ የተደረገበት የሙላንቱሩቲ ቤተ ክርስቲያን በፖሊስ ኃይል ተላለፉ። ተጠምቀው ተክሊል ያደረጉበትን ቤት ትተው በአቅራቢያው ትንሽ የጸሎት ቤት የሠሩ ምእመናን አሉ። ሌላውም ወገን የራሱ እንባ አለው፤ ሕጋዊ ሆኖ ሳለ ለዓመታት ከራሱ ቤተ መቅደስ ደጅ ተመልሷል።

ከሁሉ የከፋው የመቃብሩ ነገር ነው። በየትኛው ካህን ጸሎተ ፍትሐት ይደረስ በሚል ክርክር አስከሬን ለሳምንታት ሳይቀበር የቆየበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ በ2020 የኬረላ መንግሥት፣ ሟች በአባቶቹ መካነ መቃብር እንዲያርፍ፣ ጸሎቱንም ቤተሰቡ በመረጠው ካህን በሌላ ስፍራ ማድረስ እንዲችል ሕግ አወጣ። ክርስቲያን ያልሆኑ ሰዎችም የሚቀመጡበት የግዛት ምክር ቤት ክርስቲያኖች ሙታናቸውን እንዲቀብሩ ሕግ ማውጣቱን ልብ እንበል። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ስለ ከሰሰ የገሠጻቸው (1ኛ ቆሮ. 6፥1-7) ወደዚህ እንዳይደርሱ ነበር።

ከእኛ ጋር ምን አለው?

ማላንካራ ለእኛ ሩቅ አይደለችም። ሊቁ ቀሲስ ቪ. ሲ. ሳሙኤል በአዲስ አበባ ነገረ መለኮት አስተምረዋል፤ በኋላ ማር ጎርጎርዮስ የተባሉት ጳውሎስ ቨርጊስ በወጣትነታቸው በሀገራችን መምህር ነበሩ፣ ቤተ መንግሥቱንም አገልግለዋል። ከኬረላ የመጡ መምህራን ያስተማሯቸው አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ከአንጾኪያም ከማላንካራም ጋር እህትማማች ናት፤ ስለዚህ የሁለቱ መለያየት የራሷ ሕመም ነው።

ከዚህም በላይ የእነርሱ ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነበር፦ ልጅ ልጅነቷን ሳትክድ ራሷን እንዴት ትችላለች? መልሳችን ጊዜ ወስዷል። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ተሾሙ፤ በ1940 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ፤ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ በ1951 ዓ.ም. በእስክንድርያው ፓትርያርክ እጅ ፓትርያርክ ተሰኙ። ሠላሳ ዓመት! በመካከሉ ፋሺስት ኢጣልያ ቤተ ክርስቲያናችንን ከእስክንድርያ በጉልበት ለመለየት ሞክሮ ነበር፤ በሰይፍ የተሰጠ «ነጻነት» ግን ውግዘት እንጂ በረከት አላመጣም፣ ከወራሪውም ጋር አለፈ። የጸናው በምክክርና በአንብሮተ እድ የመጣው ነው። የማርቆስን መንበር አክብረን ራሳችንን ቻልን፤ አንዱ ሌላውን አላፈረሰውም።

በኋላም ተፈትነናል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ በፊት የጀመረው በሀገር ውስጥና በውጭ ያለው የሲኖዶስ መለያየት 26 ዓመታት ያህል ቆይቶ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዕርቅ ተዘጋ። ዕርቁ ማን ሕጋዊ ነበር የሚለውን በዳኛ አላስወሰነም፤ ሁለቱ ፓትርያርኮች በየድርሻቸው ተቀመጡ፣ ስማቸውም በቅዳሴ በአንድነት ተጠራ። በጥር 2015 ዓ.ም. ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ የተፈጸመው ሹመት ደግሞ ብዙ ኀዘን አስከትሎ በየካቲት ወር በስምምነት ረገበ። በትግራይ ካሉ አባቶችና ምእመናን ጋር ያለው መራራቅ ግን ገና በእጃችን ነው። ጉዳዩን ከማላንካራ ጋር አንድ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የተዘገየ ቁስል ወዴት እንደሚሄድ ማላንካራ አሳይታናለች።

ከዚያች እህት ቤተ ክርስቲያን ቢያንስ ሦስት ነገር እንውሰድ። አንደኛ፣ ዕርቅ ሲፈጸም ቃሉ ግልጽ ይሁን። ለጊዜው ደስ እንዲያሰኝ ተብሎ በሁለት ትርጉም የተጻፈ ሰነድ፣ ለልጆቻችን የተቀመጠ ክስ ነው። ሁለተኛ፣ የሌላውን ክብር የሚነካ ቃል ከሕግ መተላለፍ ይልቅ ይቆርጣል፤ ሐዋርያውን የነካው ደብዳቤ ካቶሊኮሱን ካገደው ደብዳቤ ይልቅ ሕዝቡን አቁስሏል። ሦስተኛ፣ ፍርድ ቤት ሰላም ለማስከበር ያስፈልግ ይሆናል፤ አባትና ልጅ ግን በፍርድ ወረቀት አይታረቁም።

እኛ ምእመናንስ? ቅዱስ ጳውሎስ «የጳውሎስ ነኝ፣ የአጵሎስ ነኝ» ባዮችን የጠየቀው ጥያቄ (1ኛ ቆሮ. 1፥12-13) ለአባቶች ብቻ የተላከ አይደለም። የአባቶች አለመግባባት በየአጥቢያው የሚቀጣጠለው በእኛ አንደበት ነው። በቆጥሩ ውስጥ ማን እንደ በዛ ከመቁጠር፣ ጸሎተ ፍትሐት የሚጠብቅ አስከሬን በማን ደጅ እንደ ቆመ መመልከት ይሻላል።

በአዲስ አበባ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለቱ አባቶች ዛሬ ሁለቱም በዐጸደ ነፍስ ናቸው። ቃሉን የነገረን ቶማስ የጌታውን ጎን ዳስሶ ያመነ ሐዋርያ ነው። የቤተ ክርስቲያንን የቆሰለ ጎን የምንዳስስ እኛም፣ ቁስሉን ለማስፋት ሳይሆን ጌታዬና አምላኬ ለማለት ያድርግልን። የማላንካራን ልጆች ወደ አንድ በረት ይሰብስብልን፤ የእኛንም ቤት ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።